በግ በፀጉሩ አይገዛም

ቀብድ ተቀብዬ መልሼ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የካቲት 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ሥራው ደግሞ የአንድ ፈረስ ሥዕል። ያዘዙኝ ሰው አዊ ተወልደው አዲስ አበባ ጡረታ የወጡ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የሰፈራችን ሰው ናቸው። አባታቸው ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚጋልቡት ፈረስ ነበራቸው። አባትየው አረፉ፤ ፈረሱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። የቀረችው በስልክ የተነሳች አንዲት ፎቶ ናት። «ዳማ ነው፤ ግንባሩ ቦራ፣ ነጭ ምልክት ያለበት። ለእናቴ የምሰጣት ነው» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ የውሃ ቀለም ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ድመት፣ ውሻ፣ ወፍ እሥላለሁ፤ ያየ ሁሉ «ፀጉሩን እንዴት አድርገሽ ነው?» ይለኛል። እኔም ጥበቡ ሁሉ ፀጉሩ ላይ ያለ መሰለኝ። ዜሮ ቁጥር የሚባለውን ቀጭን ብሩሽ ይዤ አንድ በአንድ ስጎትት ሌሊቱ ይነጋል። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ፀጉር፣ ከሥሩ ያለውን እንስሳ አለማወቄን የምሸፍንበት ጋቢ ነበር።

የዚያን ፈረስ ጥፋቶች አልደብቃችሁም። ፎቶው የተነሳው አፍንጫው ሥር ተቁሞ ነው። ስልክ ቅርብ ሲሆን የቀረበውን ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል፤ አፍንጫው ተነፍቶ ግንባሩና ጆሮው ወደ ኋላ ሸሽተዋል። እኔ ደግሞ ታማኝ ሆኜ እንዳለ ገለበጥኩት። ፎቶውን የምታነሱት እናንተ ከሆናችሁ አምስት ስድስት ሜትር ራቁና በኋላ ቁረጡት። የሰው ፎቶ ከሆነ ሌላ እንዲፈልጉላችሁ ለምኑ፤ ብዥ ያለም ቢሆን ከጎን የተነሳ አንድ ፎቶ ብዙ ይነግራችኋል።

ወረቀቱ ለእርሳስ ንድፍ የሚሆን ስስ ወረቀት ነበር። «ልለማመድበት» ብዬ ጀመርኩና ንድፉ ሲያምርብኝ በዚያው ገፋሁበት። ሁለተኛው ቅብ ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተሸበሸበ፤ ቀለሙም ጎድጎዳው ውስጥ እየወረደ ተጠራቀመ። ለውሃ ቀለም ቢያንስ ባለ 300 ግራም (በካሬ ሜትር ማለት ነው) ወረቀት ያስፈልጋል፤ ቢቻል መቶ በመቶ ጥጥ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር ሽቶ አላስመጣም፤ ወረቀት ነው የማስመጣው። 56 በ76 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሙሉ ወረቀት በደንብ ከተቆረጠ 19 በ28 የሆኑ ስምንት ይወጣዋል፤ ለአንድ እንስሳ ፊት ይበቃል። ቀለም ላይ ቆጥቡ፣ ብሩሽ ላይ ቆጥቡ፣ ወረቀት ላይ ግን አትቆጥቡ።

ከሁሉ የከፋው ቦራው ነበር። በውሃ ቀለም ነጭ የሚባለው ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ቦታ ከመጀመሪያ ጀምሮ ትጠብቁታላችሁ እንጂ በኋላ አታመጡትም። እኔ ፀጉር ስጎትት ቡናማው ቦራው ውስጥ ገባ። ችግር የለም ብዬ ነጭ ጉዋሽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም፣ ደረብኩ። ከሥር ያለው ቡናማ በውሃው ተቀስቅሶ ከነጩ ጋር ተላቆጠና የታመመ ሮዝ ሆነ። ሲደርቅ ደገምኩት፤ ሰለስኩት፤ ወፍሮ ተሰነጠቀ። ከዚያ ፓስቴል የሚባለውን ጠመኔ መሳይ ቀለም አሸሁበት፤ ዱቄቱ ረገፈ። «የፀጉር ስፕሬይ ይይዘዋል» ያለኝ ሰው ነበርና ነፋሁበት። ስፕሬዩ ነጠብጣብ ጥሎ፣ ፓስቴሉን አጨልሞ፣ ዙሪያውን እንደ ዘይት ጠብታ አወረዛው። በቃ፣ የፈረሱ ግንባር የጥርስ ሳሙና የፈሰሰበት መሰለ።

ዓይኑንስ? ክብ ብሌን ሠራሁለት፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ። የፈረስ ብሌን ክብ አይደለም፤ ወደ ጎን የተጋደመ ሞላላ ነው፣ የበግና የፍየልም እንደዚያው። የውሻ ክብ ነው፤ የድመት በብርሃን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን ሳላውቅ የሰው ዓይን ፈረስ ላይ ተክዬ፣ «ለምን እንዲህ ያፈጥብኛል?» እያልኩ ሁለት ቀን ከሥዕሉ ጋር ተፋጥጠን ቆየን።

ጋሼ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ ቆዩ። «ፈረስ ነው ልጄ፤ ጎበዝ ነሽ። የእኛ ፈረስ ግን አይደለም» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቀብዱን አልቀበልም ቢሉ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ቀለሞቼን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ሰባት ወር አላወጣኋቸውም። ስለነዚያ ሰባት ወራት ብዙ የሚወራ የለም፤ ጋሼን መንገድ ላይ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር፣ ያ ብቻ ይበቃል።

ነገሩ የዞረው ጳጉሜን ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ በግ ልንገዛ ከአጎቴ ጋር ወጣን። ዝናቡ አባርቶ፣ መሬቱ ጭቃ፣ በጉም ሰውም ተጨናንቋል። ዓይኔ አንድ ነጭ፣ ፀጉሩ የተንዠረገገ በግ ላይ አረፈ። «ይሄ አያምርም?» አልኩት አጎቴን። «በግ በፀጉሩ አይገዛም። እጅሽን አምጪ» አለና መዳፌን ወገቡ ላይ አሳረፈው። ጣቶቼ ፀጉሩ ውስጥ ሰጥመው አከርካሪው ላይ ቆሙ። አጥንቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል። ቀጥሎ ፀጉረ አጭር፣ መልኩም ያን ያህል ያልሆነ ቀይ በግ አስያዘኝ። ሥጋው እጄን ሞላው። ላቱን ከሥር ደግፎ አነሳና «ይሄን መዝኚው» አለኝ፤ ከበደኝ። ነጋዴው እየሳቀ «ልጅቷን አሠለጠንካት፣ ዋጋዬን ልትሰብርብኝ ነው» ይላል። እኔ ግን ጭቃው መሐል ቆሜ ስለ ሌላ እንስሳ አስብ ነበር። ያንን ፈረስ ሰባት ሺህ ፀጉር ጎትቼለታለሁ፤ ፈረስ ግን በሕይወቴ ዳብሼ አላውቅም።

በማግስቱ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። መጀመሪያ ቀረጥ የምሰበስብ መስያቸው ተጠራጠሩኝ። አንዱ ደብተሩን ነጥቆ አየና «እግሩን አሳጠርሽው እኮ! እንዲህ ከሆነ ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ትክክል ነበር፤ አሳጥሬዋለሁ። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ሰው የተሻለ ሃያሲ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሚንቀሳቀስ እንስሳ መሣል የማይቻል ይመስላል፤ ግን ይቻላል። አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ንድፍ በአንድ ጊዜ ጀምሩ። በጉ አንገቱን ሲያቀና አንዱን ትታችሁ ሌላውን ትይዛላችሁ፤ እንስሳ ደግሞ የለመደው አቋቋም አለው፣ ተመልሶ ይመጣበታል። ያኔ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ዝርዝር አትፈልጉ። የጀርባውን መስመር፣ ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ፣ አንገቱ ከየት እንደሚነሳ፤ እነዚህ ከተያዙ ፀጉር ሳይኖር እንኳ በግነቱ ይታወቃል። የኋላ እግርን ነገር ልጨምር፦ ወደ ኋላ የታጠፈው መገጣጠሚያ ጉልበት ይመስላል እንጂ ተረከዝ ነው። ፈረስም በግም ውሻም የሚቆሙት እኛ በእግር ጣታችን እንደምንቆመው ነው። እውነተኛው ጉልበት ከላይ፣ ሆዱ አጠገብ ነው። እኔ ይህ የገባኝ ወጥ ቤት ውስጥ በእግር ጣቴ ቆሜ ከመደርደሪያው ላይ ድስት ሳወርድ ነው።

ቀለሞቹን ከአልጋ ሥር ያወጣኋቸው በዚያው መስከረም ነው፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቀኑን በቂጣቸው ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ታጋሽ ሞዴል የለም። አንዱ ወንድ ጭላዳ ገደሉ አፍ ላይ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ካባ የመሰለ የጀርባ ፀጉሩን ሲያነሳው ከጀርባው የገባው ብርሃን የፀጉሩን ጫፍ ብቻ እንደ ወርቅ ክር አበራው። መሐሉ ጥቁር ቡናማ ጥላ ነው፤ አንድም የሚታይ ፀጉር የለውም። ዓይን ፀጉር የሚያየው ዳር ዳሩንና ጥላና ብርሃን የሚገናኙበትን ቦታ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሐሉን ስጎትት ነበር የኖርኩት።

ያንን የብርሃን ጠርዝ እንዴት እንደማስቀር ሳስብ የእናቴ ጧፍ ታወሰኝ። ሰም ውሃ አያስገባም። የጧፉን ጫፍ በምላጭ አሹዬ፣ ብርሃኑ የነካቸውን አሥር አሥራ ሁለት ፀጉሮች ብቻ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጌ ሳብኳቸው። ምንም አይታይም። ከዚያ የካባውን ቅርጽ በንጹሕ ውሃ አረጠብኩና ቢጫ ኦከር ለቀቅኩበት፤ ገና ሳይደርቅ በርንት ሲየና የሚባለውን ቀይ ቡናማ፤ ጥላው ላይ ደግሞ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊና በርንት ሲየና የተቀላቀለበትን ጥቁር መሳይ። ቀለሙ እርስ በርሱ እየተሳሳመ ተስፋፋ፤ ሰሙ ያለበት ግን ቀጭን ቀጭን ብርሃን ሆኖ ቀረ። ብሩሼ ከሦስት ደቂቃ በላይ ወረቀቱን አልነካም። ከዚያ በፊት ከሠራኋቸው ሁሉ የበለጠ ፀጉራም እንስሳ ያ ነበር።

ጧፍ ለመሞከር ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሰሙ አንዴ ወረቀቱ ላይ ካረፈ አይነሳም፤ ስለዚህ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተለማመዱ። ደግሞም ትንሽ ቢጫ ይተዋል፤ ለበረዶ ነጭ ተራ ነጭ ሻማ ይሻላል።

በእርጥብ ላይ ስትሠሩ ትልቁ ጥያቄ መቼ እጅን መሰብሰብ እንዳለባችሁ ነው። ወረቀቱ እያብለጨለጨ እስካለ ቀለም መጨመር ይቻላል። ማብለጭለጩ ጠፍቶ እርጥበቱ ሲቀር ግን ተነሱና ቡና አፍሉ፤ በዚያ ሰዓት የገባች አንዲት ጠብታ ቀለሙን ገፍታ ዳሩ የተጨማደደ እድፍ ታበቅላለች። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ የእጃችሁን ጀርባ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። አዲስ አበባ ላይ በበጋ ቀለሙ ሳትጨርሱ ስለሚደርቅ የወረቀቱን ጀርባም አርጥቡት። ክረምት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የፀጉር ማድረቂያ ያስፈልጋል፣ ከራቅ አድርጋችሁ።

አሁን ወደ ቅይጡ፣ የተለያየ ማቴሪያል ቀላቅሎ ወደ መሣሉ፣ ልምጣ። ብዙዎቻችን ሚክስድ ሚዲያ የምንለው የተበላሸ ሥዕል ላይ የተጣፈ ድሪቶ ነው። የእኔ ፈረስ እንደዚያ ነበር፦ ውሃ ቀለሙ ሲያምፅ ጉዋሽ፣ ጉዋሹ ሲያምፅ ፓስቴል። እያንዳንዱ ማቴሪያል ግን ተራ አለው፣ ተራውንም ከመጀመሪያ ታስቡለታላችሁ። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ቀላል ነው። እርሳስ፣ ቀጥሎ ሰም፣ ቀጥሎ ውሃ ቀለም። እሱ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነጭ ጉዋሽ በጣም ጥቂት፣ ወፈር ብሎ፣ በአንድ ምት፤ ብሩሹ ወደዚያው ቦታ ከተመለሰ የታችኛው ቀለም ይነሳል። ከዚያ ባለቀለም እርሳስ፤ ለጋማ፣ ለጢም፣ ለጆሮ ውስጥ ፀጉር የሚያህለው የለም። ፓስቴል ካስፈለገ መጨረሻ፣ ትንሽ። ቅባትና ሰም ያለበት ነገር ላይ ተመልሶ ውሃ አይያዝም። አክሪሊክም ከደረቀ በኋላ እንደ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ ቀለም ላዩ ላይ ይንከባለላል። ፓስቴሉን ለማስያዝ ደግሞ ለሥዕል የተሠራውን ፊክሳቲቭ ግዙ፤ የፀጉር ስፕሬዩ ለፀጉር ይቅር።

ቅይጥ ማለት ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በ1502 እ.ኤ.አ. የሣላትን ጥንቸል ያየ ሰው ይህን አይልም። እሷም ውሃ ቀለምና ጉዋሽ ናት። ቪየና አልበርቲና ሙዚየም ነው ያለችው፤ እኔ ያየኋት በስክሪን ብቻ ነው። ከሥር ሰፊ ቡናማ ቅብ አለ፤ ፀጉሮቹ እሱ ላይ በየአካሉ አቅጣጫ ተሰድረዋል፣ ከሥራቸውም ጡንቻው ይሰማችኋል። ዓይኗን አጉልታችሁ እዩት፦ ነጭ ነጥብ የለም፣ የመስኮት ነጸብራቅ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ዓይን ላይ ነጥብ ከማሳረፌ በፊት «ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

አንድ ጉዳት ግን ዘግይቶ ነው የደረሰብኝ። ያ የምኮራበት ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ሌጣ ቆዳ በርካሽ ሣጥን ቀለም ሮዝ ነበር የሠራሁት። መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት። በዓመቱ ጭላዳው ደረቱ ነጥቶ እንደ ታመመ ሰው ሆነ። ቱቦው ላይ ስሙን አትመኑ፤ በትንሹ የተጻፈውን፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ የሚናገረውን ኮድ እዩ። አልትራማሪን ፒ.ቢ. 29 አይለቅም። ፒ.አር. 83 የሚለው አሊዛሪን ክሪምሰን ግን ብርሃን ይበላዋል፤ በምትኩ ፒ.ቪ. 19 ፈልጉ። ኮድ የሌለው ቀለም ካላችሁ አንድ መስመር ቀቡና ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ሦስት ወር ለጥፉት። ካርቶኑን ስታነሱ መልሱን ታገኙታላችሁ። ፍሬም ስታሠሩም መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በመሐል የካርቶን ክፈፍ እንዲገባ አጥብቃችሁ ንገሩ። እኔ ሳልናገር ቀርቼ የአንዲት ድመት ጢም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

ጋሼን መሸሽ የተውኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። ሳልነግራቸው ፈረሱን እንደገና ልሞክረው አስቤ ነበር። መጀመሪያ ቢሾፍቱ ሄጄ የጋሪ ፈረሶች ሣልኩ፤ ባለጋሪዎቹን አስፈቅጄ አንገታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ የጉንጫቸውን አጥንት ዳበስኩ። የፈረስ ጉንጭ ከፀጉሩ ሥር ጠፍጣፋና ደረቅ ነው፣ እንደ ጠረጴዛ ዳር። ሽንጡ ላይ የቆመ ላብ ሰማዩን ያንጸባርቃል። ቡናማ ነው ብለን የምናልፈው ዳማ ጀርባ፣ ቀትር ላይ ሐመር ሰማያዊ ነው። የጋሼን ፎቶ የአፍንጫ እብጠት ከእነዚያ ንድፎች ጋር እያስተያየሁ አቃናሁት።

ሥዕሉ አራት ቀን ወሰደ፤ አብዛኛው መጠበቅ ነበር። ቦራውን በእርሳስ ለክቼ አንድም ቀለም አላስነካሁትም። መጀመሪያ ቀጭን ቢጫ ኦከር፤ ሲደርቅ በርንት ሲየና፤ ጀርባው ላይ ያችን ሐመር ሰማያዊ ትቼለት። ዓይኑ ጥቁር፣ ብሌኑ እምብዛም የማይለይ፣ ላዩ ላይ የሰማይ ነጸብራቅ። ጋማው ላይ በባለቀለም እርሳስ ሃያ የማይሞላ ጭረት። ዜሮ ቁጥር ብሩሼ ከጽዋው አልወጣም።

ጋሼ ቤት ይዤ ስሄድ ገንዘብ አላነሳሁም፣ እሳቸውም አላነሱም። እንደ በፊቱ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ምንም ሳይሉ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱና ለእናታቸው ላኩ። እናትየው አዩትና ስልኩ ላይ ዝም አሉ። ቆይተው በእርጅና ድምፅ «ግራ ጆሮውስ?» አሉ። ጋሼ ግንባራቸውን መቱ። ለካ ፈረሱ ገና ውርንጭላ ሳለ ጅብ ጆሮውን ነክሶት ጫፉ ጎድሎ ነበር፤ ፎቶው ላይ ጆሮው በልጓሙ ጌጥ ተሸፍኖ አልታየኝም፣ እሳቸውም ሊነግሩኝ ረስተዋል።

ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጠንካራ ብሩሽ ነበረኝ። ጋሼ ብርጭቆ ውሃና ሶፍት አመጡልኝ። ብሩሹን ነክሬ ጨመቅኩና የጆሮውን ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብዬ አሸት አደረግኩት፤ በሶፍት ስጫነው ቀለሙ ተነስቶ ወጣ። በርንት ሲየና ጥሩ ወረቀት ላይ እሺ ይላል። የቀረችውን የቡናማ ጥላ በመርፌ ጫፍ ፋቅኩ። ጋሼ እንደገና ፎቶ አንስተው ላኩ፣ ስልኩንም ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። እናታቸው የፈረሱን ስም እየጠሩ ነበር።